የኤሌክትሪክ መኪና ሊብሬ፦ ሲሲው ባዶ፣ የሞተር ቁጥሩ የለም ሲባል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ዱባይ ያለችው ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ካለ አስመጪ አዲስ ቢዋይዲ ሲጋል ገዛችልን። መኪናዋ ባለፈው ሳምንት በጭነት መኪና ተጭና ደረሰችን። ውሉ በእህቴ ስም ነው። ትንሽ ቀሪ ብር አለብን፤ ሰነዱ ሲያልቅ እንከፍላለን ተባብለናል። ሊብሬ ላወጣ ስሄድ «ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ) ላይ ሲሲ የለም፣ የሞተር ቁጥርም የለም፣ አስተካክለህ ና» ተባልኩ። አስመጪው ደግሞ «ኤሌክትሪክ ስለሆነ አያስፈልግም በላቸው» ይለኛል። ማንኛቸው ናቸው ልክ? እስከዚያ ድረስስ በተላላፊ ሰሌዳው ከተማ ውስጥ ልንዳት?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። በሲሲው አስመጪው ልክ ነው። በሞተር ቁጥሩ ቢሮው ልክ ነው። ቀሪውን ብር ግን ይህን ጽሑፍ አንብበህ እስክትጨርስ እንዳትከፍል።

ከቀላሉ ልጀምር። ሲሲ የሲሊንደር ይዘት ነው፤ ነዳጅ የሚቃጠልበት ክፍል ስፋት። ሲጋል ሲሊንደር የላትም። ስለዚህ ሲሲ ሊኖራት አይችልም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ሲወጣ በመንገዳችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የሚባል ነገር ብርቅ ነበር። አሠራሩም ቅፁም በቤንዚንና በናፍጣ ልክ ተሰፍቶ ቆየ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል መኪናው በአንድ ጊዜ ተለወጠ፤ ቅፁ ላይ ያለው ሳጥን ግን እንዳለ ነው። ሠራተኛው ባዶ ሳጥን ማለፍ ይፈራል። አልፈርድበትም። ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ስለዚህ አትጨቃጨቅ። በትሕትና ይህን ጠይቅ፦ በነዳጅ ዓይነት ቦታ «ኤሌክትሪክ» ይጻፍ፤ በሲሲና በሲሊንደር ብዛት ቦታ ሰረዝ ይደረግ፤ በጉልበት ቦታ ኪሎዋቱ ይግባ። የሲጋል ሞተር 55 ኪሎዋት ነው። በፈረስ ጉልበት ካልሆነ አንቀበልም ካሉህ 75 ገደማ ይሆናል። «1000 ሲሲ ብላችሁ ሙሉትና ይለፍ» የሚል ደላላ አይጠፋም። እንዳትሰማው። ነዳጁ «ኤሌክትሪክ»፣ ሲሲው «1000» የሚል ሊብሬ የያዘ ሰው፣ መኪናውን ሊሸጥ የወጣ ቀን ራሱን ሲያስረዳ ይውላል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። አስመጪህ «ኤሌክትሪክ ስለሆነ የሞተር ቁጥር አያስፈልግም» ያለው ስህተት ነው። መኪናዋን የሚገፋት ሞተር ነው፤ ሞተሩም ፋብሪካው የሰጠው የራሱ ተከታታይ ቁጥር አለው። የነዳጅ ሞተር አለመሆኑ ቁጥር የለውም ማለት አይደለም። ችግሩ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ነው። በነዳጅ መኪና ኮፈን ከፍተህ፣ በጨርቅ ጠርገህ፣ በባትሪ መብራት ታነበዋለህ። በሲጋል ሞተሩ ከፊት ሆኖ ወደ ታች የተቀበረ ነው። ከላይ ሌላ ዕቃ ተደራርቦበታል፤ ከሥር ደግሞ መከላከያ ሽፋን አለው። ስለዚህ ከላይ አይቶ «የለም» የሚል መካኒክ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የፊት በር ስትከፍት፣ ብዙ የቻይና መኪኖች ላይ ምሰሶው አካባቢ በቻይንኛ የተጻፈች ትንሽ መለያ አለች። ላይዋ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ (የመኪናዋ የራሷ መለያ ቁጥር)፣ የሞተሩ ሞዴልና ከፍተኛ ጉልበቱ፣ የባትሪው ቮልቴጅና አቅም፣ ጠቅላላ ክብደት፣ የመቀመጫ ብዛት፣ የተመረተችበት ዓመትና ወር ይገኛል። ቻይንኛው ባይገባህም ቁጥሮቹ ይነበባሉ፤ ስልክህ ላይ ያለ መተርጎሚያም ሌላውን ያነብልሃል። ይህቺ መለያ ወርቅ ናት። ሆኖም ከሞተሩ ጎን የተጻፈው ሞዴሉ ነው፤ ተከታታይ ቁጥሩ አይደለም። ከአንድ መሥመር የወጡ ሲጋሎች ሁሉ ያንኑ ሞዴል ይጋራሉ። አንዳንድ አስመጪ ግን እሱን ገልብጦ «የሞተር ቁጥር» ብሎ ያስገባል። ከዚያ ጎረቤትህ ያንኑ ዓይነት መኪና ገዝቶ ሊያስመዘግብ ሲሄድ፣ «ይሄ የሞተር ቁጥር በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል» ይባልና ጣጣው ለሁለታችሁም ይሆናል። ሞዴሉ አጭር ነው። ተከታታይ ቁጥሩ ረዘም ያለና የዚህች መኪና ብቻ የሆነ ነው። የተሰጠህ ቁጥር ከመለያዋ ሞዴል ጋር አንድ ከሆነ አትቀበል።

ትክክለኛው ቁጥር ወረቀት ላይ የሚገኘው ፋብሪካው ከመኪናዋ ጋር በሚያወጣው የብቃት ማረጋገጫ ላይ ነው። አስመጪው ከሻጩ አስልኮ ማምጣት ይችላል። «የለኝም» ቢልህ እንኳ ላኪው ዘንድ ስላለ ጠይቆ ያስልክ። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ በአካልም ይመሳከር። ለዚህ መኪናዋን ማንሻ ያለው ጋራዥ ውሰዳትና ከሥር በካሜራ ፎቶ ይነሳ። ሞተሩን ማውረድም ሆነ ሶኬት መንቀል አያስፈልግም። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ወፋፍራም ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ናቸው። «ትንሽ ገፋ ላድርገው» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀበልና ውጣ።

የሻንሲ ቁጥሩን ደግሞ ራስህ አረጋግጥ፤ ለማንም አትተው። የሚጣረስ ሰነድ ብዙ ጊዜ የሚጣረሰው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። በፊት መስታወቱ የታች ጠርዝ፣ በሾፌሩ በኩል፣ ከውጭ ይነበባል። በበሩ መለያም አለ። ብዙ መኪና ላይ ደግሞ ብረቱ ላይ ተቀርጾ፣ ከፊት መቀመጫ ሥር ምንጣፉን ገለጥ ስታደርግ ይገኛል። ሦስቱንም ፎቶ አንሳ። ከዚያ ዲክላራሲዮኑን አጠገቡ አድርገህ፣ አንድ ሰው እየጠራ አንድ ሰው እያየ፣ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በዓይን ብቻ «አንድ ነው» ማለት ያታልላል፤ 8 እና «ቢ»፣ 5 እና «ኤስ» ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

ሁለት ነገር ላሳይህ። አንደኛ፣ በሻንሲ ቁጥር ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደሎች በጭራሽ አይገቡም። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተከለከሉ ናቸው። ዲክላራሲዮኑ ላይ «ኦ» ካየህ ሳታመነታ የጸሐፊ ስህተት ነው በል፤ ዜሮ መሆን ነበረበት። ሁለተኛ፣ አሥረኛው ቦታ ላይ ያለው ፊደል የሞዴል ዓመቷን ይናገራል። «ፒ» 2023 ነው፣ «አር» 2024፣ «ኤስ» 2025። አስመጪው «የ2025 ናት» ብሎ ሸጦላችሁ አሥረኛው ፊደል «ፒ» ከሆነ፣ ከቀሪው ብር በፊት የምትነጋገሩበት ነገር አለ። ቻይና የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩ በ«ኤል» መጀመሩንም እይ።

ዲክላራሲዮኑን እንደያዝክ ሁለት ቦታ ጨምረህ ተመልከት። አንዱ «አዲስ» ወይስ «ያገለገለ» የሚለው ነው። ቻይና ውስጥ አንዴ ተመዝግበው፣ ኪሎሜትራቸው ዜሮ ሆኖ ሳለ «ያገለገለ» ተብለው ወደ ውጭ የሚሸጡ መኪኖች አሉ። መኪናዋ አዲስ ልትሆን ትችላለች፤ ወረቀቱ ግን ያገለገለች ይላል። የፋብሪካው ዋስትና እኛ ድረስ መምጣቱም ያጠራጥራል። ይህ ብቻውን ምዝገባ አይከለክልም። ሆኖም ውላችሁ «አዲስ» እያለ ዲክላራሲዮኑ «ያገለገለ» ካለ ቢሮው መጠየቁ አይቀርም። እናንተም ዋጋውን መጠየቅ አለባችሁ።

ሌላው የቀረጡ ነገር ነው። ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል ነበር የተወሰነው። ከቀረጥ ነፃ መብት በተሰጠው ሰው ወይም ድርጅት ስም የገባ መኪና ከሆነ ግን ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እናንተ ስም አይዞርም። ስለዚህ የተከፈለበትን ደረሰኝ ዓይተህ እመን። «ይሄ የእኛ ጉዳይ ነው» ቢልህ፣ አይደለም። ሊብሬው የሚታገደው በእናንተ ላይ ነው።

እርማቱን ማን ያደርጋል? አስመጪው። ዲክላራሲዮኑ በእሱ ስም የቀረበ ሰነድ ነው፤ የሚታረመውም እሱ ባቀረበበት የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ነው። አንተ ደብረ ማርቆስ ተቀምጠህ ልታርመው አትችልም። እዚያ ሄደህም አትችልም። ዓባይን ተሻግረህ፣ 300 ኪሎሜትር ሄደህ፣ «ባለቤቱን አምጣ» ተብለህ ትመለሳለህ። መኪናዋም የትም መሄድ የለባትም፤ ወረቀቱ ይሂድ። አንተ ማድረግ ያለብህ ቢሮውን «የሚጎድለውን በጽሑፍ ስጡኝ» ማለት ነው። በደብዳቤ ካልሆነ በቅፃቸው ላይ ጽፈው ማኅተም ያድርጉበት። በቃል «አስተካክለህ ና» የተባለ ሰው ያንን አስተካክሎ ሲመለስ ሌላ ይጠየቃል። ደብዳቤውን ለአስመጪው ላክ። ቀሪውን ብር የምትለቁት የታረመው ሰነድ እጃችሁ ገብቶ፣ ከፎቶዎቹ ጋር ተመሳክሮ ሲያበቃ ነው። ብሩ ከወጣ በኋላ መነታረክ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስልክም አያነሳልህም።

ታረመ እንበል። ቀጥሎ የእህትህ ስም አለ። ዲክላራሲዮኑ በአስመጪው ስም፣ ውሉ በእህትህ ስም፣ መስኮቱ ላይ የምትቆመው ደግሞ አንተ ነህ። ሦስቱን የሚያያይዝ ወረቀት መኖር አለበት። ከአስመጪው ወደ እህትህ የሚወስደው የሽያጭ ውልና ሕጋዊ ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ በእውነት የከፈላችሁት ይሁን። ከእህትህ ወደ አንተ የሚወስደው ውክልና ነው። ዱባይ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ትሰጥሃለች። ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ውክልናው ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የሚጠቀስ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩህን ማመሳከር ሳትጨርስ እንዳታሠራው። በተሳሳተ ቁጥር የተሠራ ውክልና ቆንስላ ድረስ መልሶ ይወስዳችኋል።

ሥልጣኑ ተዘርዝሮ ይጻፍ፦ ማስመዝገብ፣ መፈረም፣ ሊብሬና ሰሌዳ መቀበል፣ መድን መግባት፣ ዓመታዊ ምርመራ ማስደረግ። መሸጥን አልጨምርም። እህትና ወንድም ብትሆኑም፣ ሥራው ምዝገባ ከሆነ ውክልናውም ለምዝገባ ይሁን። የስሟን አጻጻፍም እይ። ፓስፖርቷ ላይ ያለው፣ ፋይዳዋ ላይ ያለው፣ ውሉ ላይ ያለው እስከ አያት ድረስ አንድ ይሁን። ኃይሉን አንዱ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ሀ» ቢጽፈው የሚያልፍ አለ፤ የማያልፍም አለ። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯንም ያዝ። ምዝገባው ባለንብረቱ ነዋሪ በሆነበት ስለሚታይ መታወቂያዋ የደብረ ማርቆስ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። የሌላ ቦታ ከሆነ ውክልናውን ከማሠራታችሁ በፊት ቢሮውን ጠይቅ።

ስለ ተላላፊ ሰሌዳው አጭር መልስ፦ አትንዳ። ተላላፊ ሰሌዳ መኪና ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ እንዲደርስ የሚሰጥ ነው። መኪናዋ ደርሳለች። ገበያ መሄጃ፣ ሠርግ ማጀቢያ አይደለም። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ያለ ሰሌዳ ከመንዳት አይለይም። ቀኑ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር እሱንም አረጋግጥ። አደጋ ቢደርስ ትራፊክ ፖሊሱ ከሚቀጣህ የመድን ድርጅቱ «አልከፍልም» የሚለው ይከብድሃል። ለምርመራ ወይም ከላይ ወዳልኩህ ጋራዥ ስትወስዳት ግን ከቢሮው ተነጋግረህ፣ መድኗን ይዘህ፣ ቀጥታ ሄደህ ቀጥታ ተመለስ።

ቆማ በምትጠብቅበት ጊዜ ዋናውን ባትሪ ግማሽ አካባቢ አድርገህ ተዋት። በየጊዜው ግን አስነሳት። የምትከፈተውና የምትነቃው በትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ በሯ እንቢ ሊል ይችላል፤ የምርመራው ቀን ጠዋት እንዲህ ሲሆን ያናድዳል።

ምርመራው ራሱ ከባድ አይደለም። ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ መሪ፣ ጥሩምባ፣ መጥረጊያ ያያሉ። የጭስ ምርመራ የለም፤ የጭስ ማውጫ ቱቦ የላትማ። መርማሪው «ሞተር አስነሳ» ቢልህና ድምፅ ጠብቆ ቢያይህ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የበራውን አረንጓዴ «ኦኬ» አሳየው። እሱ ከበራ ተነስታለች ማለት ነው። እግርህን ከፍሬን ላይ አታንሳ። ድምፅ የላትምና ፊት ለፊት የቆመ ሰው መነሳቷን አያውቅም። መቀባት፣ ጥቁር ላስቲክ መለጠፍ፣ ዕቃ መጫኛ ማስገጠም ካሰብክ ከሊብሬው በኋላ ይሁን።

የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያዘዋል፤ ያለሱ ምዝገባው አይሄድም። የሚሸፍነው ግን ሌላውን ሰው እንጂ የእናንተን መኪና አይደለም። ሙሉ መድን ከገባችሁ፣ ባትሪው በውሉ ውስጥ በግልጽ መጠቀሱን ጠይቅ። ባትሪው ከወለሉ ሥር የተነጠፈ ነው፤ ከመኪናዋ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም እሱ ነው። ከዋናው አስፋልት ወርደህ ወደ ገጠር ስትገባ ድንጋይ የሚመታው እዚያ ላይ ነው። «ከሥር የደረሰ ጉዳት አይካተትም» የሚል ሐረግ ካለ ከመፈረምህ በፊት ተከራከር። የባትሪውን ተከታታይ ቁጥርም በፋብሪካው ወረቀት ላይ ካገኘኸው ፎቶ አንስተህ ያዝ።

የአገልግሎቱን ዓይነት በተመለከተ፣ ለቤተሰብ ከሆነ የግል፣ በተለምዶ ኮድ 2 የምንለው ነው። ሰው በክፍያ ልታመላልስ ካሰብክ ወይም ልታከራያት ከሆነ የንግድ፣ ኮድ 3 ይሆናል፤ ንግድ ፈቃድና ግብር ይከተለዋል፣ የመድኑም ክፍያ ይለያል። በግል አውጥተህ በሥውር ታክሲ መሥራት ይቻላል የሚልህ ይኖራል። አደጋ የደረሰ ቀን አብሮህ አይቆምም።

ሊብሬው ሲሰጥህ ከመስኮቱ አትራቅ። እዚያው ቆመህ አንብብ። የእህትህን ስም፣ 17ቱን የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተሩን ቁጥር፣ «ኤሌክትሪክ» የሚለውን፣ ቀለሙን። ከዚያ የመቀመጫ ብዛቱን እይ። አውቶሞቢል ሲባል እጅ ልማድ ሆኖ 5 ይጻፋል። ሲጋል ግን ሾፌሩን ጨምሮ አራት ሰው ነው የምትይዘው፤ ከኋላ ሁለት መቀመጫ፣ ሁለት ቀበቶ። በ5 ከተመዘገበች አምስተኛው ሰው ያለ ቀበቶ ይሄዳል፤ አንድ ነገር የደረሰ ዕለት መድኑም በዚያ ይከራከርሃል። በሩ ላይ ያለውን መለያ ፎቶ ከስልክህ አውጥተህ አሳያቸውና 4 ብለው እንዲያርሙት ጠይቃቸው።